ተምሮ ከሕመምተኛው አለመራቅ

ትምህርት መውደድ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ ጠባይ አይደለም። ቢሆንም ምን ዓይነት ትምህርት፣ ከየት፣ ለምን ጉዳይ ብሎ መጠየቅ ከእውነተኛ የትምህርት ወዳጅ የሚጠበቅ ነው። ይህን ነገር ለማንሣት ያበቃን ባለፈው ሰሞን በጎንደር ከተማ ፒያሳ ሁለት ሦስት ሆነን ከአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንዲት ወዳጃችን ያመጣችው ጉዳይ ነው። ወዳጃችን በሰሜን ጎንደር ደጋ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ማገልገል ከጀመረች ስድስት ዓመት አልፏታል። ከቦርሳዋ አራት ገጽ ወረቀት አወጣችና፣ «እስቲ ይህን እዩልኝ፤ እንግሊዝኛው የተበላሸበት ቦታ ካለ አቃኑልኝ» አለችን።

ወረቀቱ ማመልከቻ ነው። የሚላከውም በአሜሪካ አገር ለሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ነርሶችን በኢንተርኔት አማካይነት አስተምሮ በሁለተኛ ዲግሪ ያስመርቃል። ሙያው በእንግሊዝኛ «ፋሚሊ ነርስ ፕራክቲሽነር» ይባላል። በአማርኛችን የተስማማ ስም ገና ስላልተለመደለት፣ እኛ ለዚህ ጽሑፍ ያህል «የቤተሰብ ሕክምና ነርስ» ብለን እንጥራው። ይህን ሙያ የተማረች ነርስ ሕፃኑንም፣ እናቲቱንም፣ አያቲቱንም በአንድነት የምትመረምር፣ በሽታውን ለይታ መድኃኒት የምታዝዝ፣ ከአቅሟ በላይ የሆነውን ደግሞ በጊዜው ወደ ሐኪም የምታስተላልፍ ናት።

«ይህን ትምህርት ለምን ፈለግሽው?» ብለን ጠየቅናት። ወዳጃችን ሻዩዋን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና እንዲህ ስትል መለሰችልን፤ «ሕዝቡ እንደ ሆነ ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። አንድ ቀን አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ከሩቅ ቀበሌ ልጇን አዝላ መጣች። ልጁን ያተኩሰዋል፤ የእሷም የደም ግፊት ከፍ ብሏል፤ አብረዋት የመጡት አማቷ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ያስላቸዋል። ሦስቱንም በሦስት ክፍል አሰለፍኳቸው። ልጁና እናቲቱ ታዩ። አማቲቱ ግን ተራው ሳይደርሳቸው መሸና፣ መንገዱ ሩቅ ነው ብለው ተነሡ። ሲሄዱም ‹ዶክተርዬ፣ ልጄ፣ አንቺው ሁላችንንም ብታዪን ምን ነበረበት?› አሉኝ። የምመልስላቸው አጣሁ። እኔ የምፈልገው ያን ጥያቄ የሚመልስ ትምህርት ነው።»

ነገሩ ከአንዲት ወዳጃችን አልፎ የብዙ ወጣት ነርሶች ጉዳይ መሆኑን ስለምናውቅ፣ እንግሊዝኛውን አርመን ወረቀቱን ከመመለስ ይልቅ፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት ወሰንን። አሳባችንንም ከወዲሁ በአጭሩ እንናገር። የቤተሰብ ሕክምና ነርስነት ለደጋችን በእርግጥ የሚያስፈልግ ሙያ ነው። ነገር ግን የዚህ ሙያ በር መከፈት ያለበት እዚሁ ጎንደር ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚላክልን ዲግሪ ብቻውን የአማቲቱን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም።

በመጀመሪያ የማመልከቻውን ነገር እንመልከት። በአሜሪካ ይህን ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ደንባቸው በብዙው ተመሳሳይ ነው። አመልካቹ የትምህርት ውጤቱን ከተማረበት ተቋም በይፋ ያስልካል፤ ስለ ሥራውና ስለ ጠባዩ የሚመሰክሩለትን ሰዎች ደብዳቤ ያቀርባል፤ ለምን መማር እንደሚፈልግም በጽሑፍ ያስረዳል። እስከዚህ ድረስ ወዳጃችንን የሚያስቸግራት ነገር የለም። ከዚህ ቀጥሎ ግን አንዲት አጭር መስመር አለች፤ አመልካቹ ከአሜሪካ ግዛቶች ከአንዱ የተሰጠና የጸና የነርስነት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል ትላለች። በውጭ አገር የተማረ ነርስ ይህን ፈቃድ ለማግኘት የትምህርት ማስረጃውን ማስመርመር፣ በብዙዎቹ ግዛቶች የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ፣ በመጨረሻም «ኤንክሌክስ» የሚባለውን የፈቃድ ፈተና ማለፍ አለበት። ወዳጃችን አራት ገጽ ሙሉ ስትጽፍ ይህችን አንዲት መስመር ልብ አላለቻትም ነበር። ገንዘብ ከከፈሉ በኋላ ቢያነቧት የምታስቆጭ መስመር ናት።

ሁለተኛው ነገር የእጅ ሥራው ነው። «በኢንተርኔት» የሚለው ቃል ትምህርቱ ሁሉ ከቤት ሳይወጡ የሚያልቅ ያስመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መጽሐፉ፣ ንግግሩና ውይይቱ በኢንተርኔት ቢሆንም፣ ሕመምተኛ የመመርመሩ ልምምድ በአካል ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2022 በአሜሪካ በወጣው የዚህ ሙያ የትምህርት መመዘኛ መሠረት፣ ተማሪው ቢያንስ 750 ሰዓት በቀጥታ ሕመምተኛ እያየ መለማመድ አለበት። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ይህ ከ90 የሥራ ቀን በላይ መሆኑ ነው። ልምምዱም ልምድ ባለው አሠልጣኝ ሥር የሚፈጸም ሲሆን፣ አሠልጣኙን ፈልጎ የማግኘቱን ሸክም ለተማሪው የሚተዉ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ሥፍራውንም ትምህርት ቤቱ ማጽደቅ አለበት። ስለዚህ ከደባርቅ ሳይነሡ መማር ይቻላል የተባለው ግማሽ እውነት ነው። ጆሮ ከደባርቅ ሳይነሣ ይማር ይሆናል፤ እጅ ግን ባሕር መሻገር ግድ ይሆንበታል።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፣ ዲግሪና ፈቃድ አንድ አለመሆናቸው ነው። በዚያው በአሜሪካ እንኳ የተመረቀችው ነርስ የአገር አቀፉን የሙያ ምስክርነት ፈተና አልፋ፣ ከዚያም ከምትሠራበት ግዛት ፈቃድ አውጥታ ነው ሥራ የምትጀምረው። የሥልጣኗም ስፋት ከግዛት ግዛት ይለያያል። በአንዱ ግዛት ራሷን ችላ ስታክም፣ በሌላው ከሐኪም ጋር የተጻፈ ስምምነት እንዲኖራት ሕጉ ያዝዛል። በእኛ አገር ደግሞ ይህ የሙያ ስም በጤና ጣቢያ የሥራ መደብ ውስጥ የራሱ ቦታ የለውም። እንግዲህ ወዳጃችን ያን ሁሉ ድካም ደክማ ዲግሪውን ብታመጣው፣ በማግሥቱ የምትቀመጥበት ወንበር ያው የቀድሞው ወንበር ነው፤ አማቲቱንም እንደ ቀድሞው ወደ ሌላ ክፍል ትልካቸዋለች። የተማረችውን በሙሉ የምትሠራበት ቦታ ስትፈልግም፣ ቦታው የሚገኘው ዕውቀቱ በመጣበት አገር ይሆናል። የደጋውን ሰው ለማገልገል ተብሎ የተጻፈው ማመልከቻ፣ ጸሐፊዋ ሳታስበው ከደጋው የመሰናበቻ ደብዳቤ ሆኖ ያርፈዋል።

ስለ ወጪውና ስለ መስመሩም ጥቂት እንበል። የትምህርቱ ዋጋ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው፤ በጤና ጣቢያ ደመወዝ የሚታሰብ አይደለም። በኒው ዮርክ ሰዓት ማታ በስድስት ሰዓት ከምሽቱ የሚጀመር ትምህርት፣ ማለት በእነርሱ አቆጣጠር 6 ሰዓት፣ በክረምታቸው ወራት ለጎንደር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይውላል። ሌሊቱን ተረኛ ሆና ያደረች ነርስ ይህን እንዴት እንደምታስማማው አንባቢ ይገምተው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረም ሁላችን እናስታውሳለን። መምህሩ ከባሕር ማዶ፣ መስመሩ በሌላ እጅ የሆነበት ተማሪ፣ መስመሩ በተቆረጠ ቀን ከትምህርቱም ከገንዘቡም ይጎድላል።

ይህን ስንል ትምህርቱን መንቀፋችን እንዳልሆነ ግልጽ ይሁንልን። በዋሽንግተንና በሚኒሶታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶች ሌሊት በሐኪም ቤት እየሠሩ፣ ቀን በኢንተርኔት እየተማሩ በዚህ ሙያ ቢመረቁ የሚያስደስት ነው። እነርሱ ፈቃዱም፣ አሠልጣኙም፣ የሥራ መደቡም በሚኖሩበት አገር ይገኝላቸዋል። መንገዱ ለእነርሱ የተጠረገ ነው። ጥያቄያችን ያው መንገድ ከሊማሊሞ ማዶ ላለችው ነርስ መንገድ ይሆናል ወይ ነው።

ከእኛ ጋር ተቀምጦ የነበረው ሌላው ወዳጃችን ግን ከዚህም አልፎ፣ «ደግሞ ሕክምናን በስልክ መማር ተጀመረ?» ብሎ ሣቀ። በዚህ አንስማማም። የዚህን ሙያ ታሪክ የተመለከተ ሰው ለመሣቅ አይቸኩልም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1925 ሜሪ ብሬክንሪጅ የተባለች ነርስ በአሜሪካ በኬንታኪ ተራሮች ውስጥ አንድ የነርሶች አገልግሎት አቋቋመች፤ በኋላም «ፍሮንቲየር ነርሲንግ ሰርቪስ» ተባለ። በዚያ ጊዜ ተራራው መንገድ ስላልነበረው፣ ነርሶቹ በፈረስ እየተቀመጡ ወንዝ እየተሻገሩ ያዋልዱ፣ ሕፃናትን ይከትቡ፣ ቤተሰቡን ሁሉ ይጠብቁ ነበር። ይህን ስናነብ ጃናሞራና በየዳ ትዝ የማይለው የጎንደር ሰው ያለ አይመስለንም። ይኸው ድርጅት በ1939 የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1970 የቤተሰብ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1989 ደግሞ ተማሪዎቹ ከሚኖሩበት ቀበሌ ሳይለቁ በርቀት የሚማሩበትን መንገድ ዘረጋ። ዛሬ ከታወቁት የኢንተርኔት የነርስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ይኸው የፈረስ ነርሶች ትምህርት ቤት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ሥራው ቀድሞ ነበረ፤ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ መጣ፤ ሽቦው የመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። የርቀት ትምህርቱ የታሰበው ነርሷን ከተራራዋ ለማስወጣት ሳይሆን በተራራዋ ላይ እንዳለች ለማስተማር ነበር። የነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርትም በስሙ የተጀመረው በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ መሥራቾቹ ሎሬታ ፎርድ የተባለች የሕዝብ ጤና ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባለ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። ሐኪም በማይደርስበት ገጠር ነርሷ በራሷ አስባ እንድትወስን ማስተማር ነበር አሳባቸው። ሎሬታ ፎርድ ያን ጊዜ የዘራችውን ፍሬ አይታ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በ104 ዓመቷ ዐርፋለች። ዛሬ በአገሯ የዚህ ሙያ ባለቤቶች ከ300 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የቤተሰብ ሕክምና ነርሶች ናቸው።

እንግዲህ ከኮሎራዶ 11 ዓመት ቀደም ብሎ ጎንደር ምን ትሠራ እንደ ነበረ እናስታውስ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሺህዎችን ፈጀ። ያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂት፣ እነርሱም በብዛት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ መንግሥት በረዱት ዕቅድ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ያሠለጠናቸው የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ተምረው፣ አንድ ላይ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡ፣ አንዱ ሲያክም ሌላዋ ቤት ለቤት እንድትዞር፣ ሦስተኛው ምንጩንና መጸዳጃውን እንዲያይ ታስቦ ነበር። የጤና መኮንኑ ሐኪም ሳይባል የሐኪምን ሥራ በገጠር እንዲሠራ ሕግም፣ መደብም፣ ደመወዝም ወጣለት። እንዲያ ያለ አሳብ በዓለም ላይ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ በፋሲል ከተማ የቀን ተቀን ሥራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ1970ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት መጨረሻ፣ በ1978፣ በምሥራቅ ጀርመን በላይፕሲክ ከነበረው ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ስምምነት በጎንደር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ። የጤና መኮንኖቹ ሥልጠና ተቋርጦ ቆይቶ በ1990ዎቹ እንደ ገና ቀጠለ። ኮሌጁም አድጎ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከመጀመሪያው ዘመን የወረሰው አንድ ጥሩ ልማድ አለው፤ የልዩ ልዩ ሙያ ተማሪዎችን በቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይልካል። በዳባት ወረዳም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ በተመረጡ ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን የሚመዘግብ የጥናት ማዕከል አለው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ደግሞ ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ በአማካይ ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መድቦ፣ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን ለዚህ አገልግሎት አሰልፏል።

ታዲያ ምን ጎደለ? እኛ እንደሚመስለን የጎደለው መሰላል ነው። ዛሬ በጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ ጎበዝ ሆና ብትገኝ ሽልማቷ ምንድን ነው? ከሕመምተኛው መራቅ ነው። መጀመሪያ አስተባባሪ ትሆናለች፤ ቀጥሎ ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ትዛወራለች፤ ሁለተኛ ዲግሪ ብትማር ደግሞ ወይ አስተማሪ ትሆናለች፣ ወይ የፕሮጀክት ሪፖርት ትጽፋለች። እነዚህ ሁሉ የተከበሩ ሥራዎች ናቸው፤ አናቃልላቸውም። ነገር ግን ነርሷ ዕውቀት በጨመረች ቁጥር ከአልጋው አንድ እርምጃ የምትርቅ ከሆነ፣ አልጋው ዘወትር የሚጠበቀው አዲስ በመጣውና ትንሽ ልምድ ባለው ሰው ነው ማለት ነው። የቤተሰብ ሕክምና ነርስነት ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው። የበለጠ የተማረችው ነርስ ለሕመምተኛው የበለጠ ቅርብ ትሆናለች። ወዳጃችን በአራት ገጽ እንግሊዝኛ ለመግለጽ የደከመችለት አሳብ ይህ መሰለን።

«የጤና መኮንኖች አሉልን፤ ሌላ ሙያ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። እኛም የጤና መኮንኑን ቦታ ማንም ይውሰድበት አንልም። ነገር ግን ወጣቱ የጤና መኮንን ከትምህርት ቤት ተነሥቶ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ነርሷ ግን ደጋው ላይ ነው ያለችው። የቀበሌውን መንገድ፣ የየቤቱን ችግር፣ የጾሙንና የሰንበቴውን ቀን፣ የትኛው አባወራ ሚስቱን ወደ ጤና ጣቢያ ለመላክ እንደሚያመነታ ታውቃለች። ይህ ዕውቀት በዩኒቨርሲቲ አይሰጥም። ያላትን ዕውቀት ሳንጥል ሌላውን ብንጨምርላት የሚጠቀመው ሕዝቡ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ «ሐኪሞች አይፈቅዱም፤ ሕጉም አይፈቅድም» ይለናል። ሕግ እንደሚወጣ ግን ከራሳችን አገር ምስክር አለን። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 የጤና መኮንኖችን በሁለተኛ ዲግሪ አሠልጥኖ በቀዶ ሕክምና የማዋለድና ሌላም አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና የመሥራት ሥልጣን የሚሰጥ ትምህርት ተጀምሯል። ሐኪም ያልሆነ ሰው ቢላዋ ይዞ እናትን ከሞት እንዲያድን መደብና ፈቃድ የተገኘለት፣ ችግሩ እውነተኛ መሆኑ ስለ ታመነበት ነው። የርቀት ትምህርቱም ቢሆን እንግዳ አይደለም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር፣ የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ አምሬፍና ዩኒሴፍ በመተባበር ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የርቀት ማስተማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅተው ነበር። በዚያ ዕቅድ ንባቡ ከርቀት፣ የእጅ ልምምዱ በአካል ነበር። ፈረንጁ ለፈረስ ነርሶቹ ካወጣው መላ ጋር ስናስተያየው ሁለቱ አሳቦች ወንድማማች ናቸው።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በነርስነት የመጀመሪያ ዲግሪ ኖሯቸው በገጠር ጤና ጣቢያ ለጥቂት ዓመታት ላገለገሉ ሰዎች የቤተሰብ ሕክምና ነርስነት ሁለተኛ ዲግሪ ቢከፍት መልካም ነው። ንባቡና ንግግሩ በኢንተርኔት ይሰጥ፤ መስመር በጠፋ ጊዜ እንዳይቋረጥ ደግሞ በመጽሐፍና በተቀዳ ትምህርት ይደገፍ። የእጅ ልምምዱ ከፊሉ በጎንደር ሐኪም ቤት፣ ከፊሉ በዳባትና በደባርቅ ይሁን። ተማሪዋ በዚያ ጊዜ ከመደቧና ከደመወዟ አትነቀል። ከሁሉም በፊት ግን የጤና ሚኒስቴር ሙያውን በስሙ ጠርቶ፣ ምን መመርመር፣ ምን ማዘዝ፣ መቼ ማስተላለፍ እንዳለባት በጽሑፍ ወስኖ መደብ ይስጣት። መደብ ሳይኖር ዲግሪ መስጠት፣ ጎጆ ሳይቀልሱ ሙሽራ ማምጣት ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህ እስኪሆን ድረስ ማመልከቻ አትጻፍ አንልህም። ግን ከመጻፍህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤቱ የየትኛውን አገር ፈቃድ ይጠይቃል? ሁለተኛ፣ እጄን የሚያለማምደኝ ማን ነው፤ የትስ ነው? ሦስተኛ፣ የማመጣውን ዲግሪ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ምን ብሎ ያቻችለዋል፤ የተመለስኩበት ጤና ጣቢያስ በምን መደብ ይቀበለኛል? የሦስቱን መልስ በወረቀት ሳትይዝ ገንዘብህን አትላክ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው እንዳይደርስብህ፣ በእጅህ ያለውን የአገር በር አስቀድመህ አንኳኳ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያበቃው የመግቢያ ፈተና እንደ ሌላው ተማሪ ለነርሱም የተዘጋጀ ነው፤ ጎንደርም በነርስነት ልዩ ልዩ ዘርፎች በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል።

ለወጣት ሹማምንት ደግሞ አንድ ቃል አለን። በወረዳና በዞን ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛችሁ ላይ የነርስ የትምህርት ፈቃድ ጥያቄ ሲቀርብ፣ «ሰው ያጥረናል» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ያ ጥያቄ በሌላ ስም የቀረበ የሕዝብ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ብትከለክሏት ትቀራለች ብላችሁ አታስቡ፤ አንድ ቀን ወረቀቷን አስገብታ ትሄዳለች፤ ምናልባትም ከአገር። እንድትማር ፈቅዳችሁ የምትመለስበትን ወንበር ብታዘጋጁላት ግን ትመለሳለች። ከወዳጃችን አፍ የሰማነውም ይህንኑ ነው።

ከሻይ ቤቱ ስንነሣ ወዳጃችን ወረቀቷን አልቀደደችውም፤ አልላከችውምም። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ «ይህንኑ በአማርኛ ጽፌ ለዩኒቨርሲቲያችንና ለጤና መምሪያው ባስገባውስ?» አለችን። ማን ያነበዋል ብላ ስትጠይቀን ጥቂት ዝም አልን። ከዚያም እኛም በበኩላችን በጋዜጣ እንደምንጽፈው ቃል ገባንላት። ቃላችን ይኸው። ደርሶ መመለሻ አውቶቡሷ ወደ ደባርቅ የሚነሣበት ሰዓት ደርሶ ስለ ነበረ ፈጥና ሄደች።

አባቶቻችን «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። የሌላውን በሬ ማየት፣ አረማመዱንም መማር ደግ ነው፤ እርሻው ግን የእኛ ነው። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. ለአገሩ ችግር የአገሩን ባለሙያ ማውጣት እንደሚቻል አሳይታለች። አማቲቱ ዛሬም ከራስ ዳሸን ሥር ካለው ቀበሌያቸው ሌሊት ሌሊት እያሳሉ፣ ሁሉንም በአንድነት የምታያቸውን ልጅ ይጠብቃሉ። ያቺ ልጅ ደግሞ ያለችው እዚያው አጠገባቸው ነው። የቀረው እርሷን ማስተማርና ወንበሯን ማዘጋጀት ብቻ ነው።